ካልሆነ ዝም በል

የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፍም። ረስቼው አይደለም፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከማንም ስም በላይ ያስቸገረኝ የእሱ ነው። ግን ከሚገባው በላይ ተጠርቷል። እኔ ደግሞ ልጨምርበት አልፈልግም።

ጋምቤላ የወረድኩት ክልሉ ክልል ከተባለ ገና አሥር ዓመት በቅጡ ሳይሞላው ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ ታፔላው አዲስ፣ የደብዳቤው ራስጌ አዲስ ነበር። አሮጌ ነገር ካለ ባሮ ዳር ዝገው የቀሩት የድሮው ወደብ ብረቶችና በጣሪያችን ውስጥ የሰፈሩት የሌሊት ወፎች ናቸው። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ጭጋግና ብርድ ያሳደገኝ። ሙቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት ተሳድቤ ጨረስኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት የምሰድበው ሲጠፋኝ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራዬ በአንድ ጤና ነክ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ይሠራል፣ ሁለተኛው የአንደኛው መለዋወጫ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ተልኬ የድረ ገጽ አሠራር ተምሬ መጣሁ። ስመለስ ራሴን ከዶክተሮቹ እኩል ማየት ጀምሬ ነበር፤ ዶክተሮቹ ግን አላወቁልኝም። ኃላፊያችን ወዲያው አንድ ሥራ ሰጡኝ፤ በየወረዳው ያሉትን ጤና ኬላዎችና ሠራተኞቻቸውን የሚያሳይ ገጽ። ስልኩ ኢንተርኔት የሚያገኘው ደስ ሲለው ስለነበር ገጹ ከእኔ ማሽን አይወጣም። እየታተመ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ። ኃላፊው ግን «ድረ ገጻችን» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

የዚህ ሥራ ዋና ዘዴ ቀላል ነው። ገጹን አንድ ጊዜ እንደ ባዶ ቅጽ ትሠራዋለህ፤ ስም የሚገባበትን፣ ወረዳ የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትተዋለህ። ከዚያ ቅጹ ውስጥ ኢፍ የምትባል ትእዛዝ ትሰካለህ። ኢፍ ማለት «ከሆነ» ነው። ሰውየው ነርስ ከሆነ ይህን ጻፍ፤ ካልሆነ ያንን ጻፍ። «ካልሆነ» የምትለዋ ኤልስ ትባላለች። ኤልስን ባዶ ከተውካት ደግሞ «ካልሆነ ዝም በል» ማለት ነው። ማሽን ታዛዥ ነው፤ ዝም በል ካሉት ዝም ይላል። ለምን ብሎ አይጠይቅም። የዘለልኩት ሰው አለ ብሎም አይነግርህም።

የገጹ ስሞች ከየት መጡ ቢባል፣ ከሬዲዮ ክፍሉ ነው። ሩቅ ያሉት ኬላዎች እያንዳንዳቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ ነበራቸው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተራችን ማይክሮፎኑን ይዞ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ግማሽ ዘመዱ ሱዳን ያለ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ትልቅ ሰው ነው። እሱ ሲቀር ጸሐፊያችን ትተካዋለች። የሚጠራው ኬላውን ሳይሆን ሰውየውን በስሙ ነበር፤ «ቤት አይመልስም፣ ሰው ነው የሚመልስ» ይላል። አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ይጠብቃል። ካልመለሱ ሁለተኛ፣ ካልመለሱ ሦስተኛ። ሦስት ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ፊት ለፊቱ መስመር ይሰመርበታል።

ይህን ሁሉ እኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው መዝገብ አስገባዋለሁ፤ ኢፌንም በዚሁ ላይ ሠራኋት። በሳምንቱ ውስጥ ለሬዲዮ የመለሰ ከሆነ ስሙንና ኬላውን አሳይ። ካልሆነስ? ኃላፊውን ጠየቅኋቸው።

«እንግዳ በሚያየው ገጽ ላይ ክፍተት አልፈልግም» አሉኝ። «የሌለ ሰው አይታይ።»

ስለዚህ ኤልሷን ባዶ ተውኳት። ገጹ ሲታተም አንዱ ቅጂ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠራው በእሱ ነው። ሌላው ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ይሄዳል፤ የወባ ኪኒን የሚጫነው በእሱ ነው። ይህን ያህል ነገር በአንዲት ቃል ላይ መንጠልጠሉ ያኔ አላስፈራኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን አዲሱ ሹፌራችን ገባ። አቦቦ የሰፈሩ የደገኛ ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ ወደ እኛ ከመዛወሩ በፊት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ያመላልስ ነበር። የመኪና መጠየቂያ ሊያስሞላኝ ቆሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ገጽ ሲያነብ ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆመ፤ ከጎግ ወዲያ ያለ የአንድ ኬላ ጤና ረዳት ስም ነው።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ጤና ረዳት ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሞቷል እኮ። በትኩሳት ነው የሞተው፤ መቃብሩን የቆፈርነው እኛ ነን፣ በውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያችን። ለወረዳው ተናግረናል።»

ወረዳው ለእኛ ደብዳቤ ጽፎ ይሆናል፤ ጽፎ ከሆነ ደብዳቤው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ከሞተ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቅሁት። ሲቆጥር ሦስት ወር አለፈው። እኔ ደግሞ መዝገቡን ከፈትኩ። ሰውየው በእነዚያ ሦስት ወራት አንድ ቀን እንኳ መመለስ አላቋረጠም። ከሁሉም ኬላ እንደ እሱ የታመነ አልነበረም፤ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ ነው የሚመልሰው።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮ ክፍሉ ገብቼ ከኦፕሬተሩ አጠገብ ቆምኩ። የሰማሁትን ነግሬው ነበር፤ አላመነኝም። ስሙ ላይ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ ጠራ። ጣቱን ከማይክሮፎኑ ቁልፍ ላይ ከማንሳቱ መልሱ መጣ፦

«አለሁ። ደህና ነን። የወባ በሽተኛ አራት። ኪኒን እያለቀ ነው።»

ዝቅ ያለ፣ ሻካራ ድምፅ ነው። ሬዲዮው እያፏጨ ከበላው በኋላ ከውሃ በታች የሚናገር ሰው ይመስላል።

«ጋሼ፣ ድሮም ድምፁ እንዲህ ነበር?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ፤ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «በዚህ ዕቃ ሁሉም ሰው ድምፁ አንድ ነው። አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፣ እኔ ስም የምጠራ ሰው ነኝ፤ በሕይወት አለህ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

ቢሮ ረፋዱ ላይ ለሙቀቱ ይዘጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ዘበኛው ጄኔሬተሩን ሳያጠፋ ወጥቶ ስለነበር እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የጋምቤላን ቀትር ያላየ ሰው ጸጥታ የሌሊት ብቻ ይመስለዋል። ውሻ አይጮኽም፣ ሰው አያልፍም፣ ብርሃኑ ሁሉን ነገር ያሳያል፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። በጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፎቹ ብቻ ይንኮሻኮሻሉ። ፈራሁ። መፍራቴ ደግሞ አናደደኝ፤ የተማረ ሰው ነኛ! ያናደደኝን ነገር ላስተካክል ብዬ ተቀመጥኩ።

መዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ «ሟች» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ውስጥ ደግሞ አዲስ ኢፍ ጨመርኩ፤ ሟች ካልሆነ አሳይ። ሟች ከሆነስ? ዝም በል። ገጹን ደግሜ ስከፍተው ስሙ በነበረበት መስመር ላይ ከታች የነበረው ሰው ወጥቶ ተቀምጧል። ክፍተት የለም፣ ጭረት የለም። ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ተጠግተው ቦታውን ዘግተውበታል። ከዚህ በላይ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ኦፕሬተሩ በአዲሱ ዝርዝር ጠራ። የሰውየው ቦታ ላይ ሲደርስ ሳያቆም አለፈ። ሁሉም መለሱ፤ «በዚሁ እንጨርሳለን» ብሎ ሬዲዮውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ያ ድምፅ መጣ።

«ጋምቤላ፣ ጋምቤላ። እኔን አልጠራችሁኝም።»

ኦፕሬተሩ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«ጋምቤላ። አልጠራችሁኝም ወይስ አልሰማሁም?»

ኦፕሬተሩ ሬዲዮውን ዘጋው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ወጣና በረንዳው ላይ ቆሞ በራሱ ቋንቋ ጸለየ። እኔ የሆዴን በሆዴ ይዤ ሹፌሩን ፍለጋ ሄድኩ። ድምፁ የሰው ከሆነ የሰው መልስ ይገባዋል፤ የሰው ካልሆነም ቢያንስ አይቼው ልምጣ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ካየሁ ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም።

በማግስቱ ከሹፌሩ ጋር ወጣን። አቦቦ ላይ ቤተሰቦቹ ጋ ውሃ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሁለቱም ጎን ከመኪናው በሚበልጥ ሣር መካከል ነው የሚሄደው። ሹፌሩ ሲነሳ ወሬኛ ነበር፤ ከጎግ በኋላ መንገዱን ብቻ ያይ ጀመር። ኬላው ጋ የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አጠገቡ የሬዲዮው ሽቦ የተወጠረበት ምሰሶ፣ ከቤቱ ኋላ ዙሪያው የተጠረገ መቃብር። ሹፌሩ በጣቱ አሳየኝና አማተበ።

ከቤቱ ውስጥ «እናንተ ናችሁ?» የሚል ድምፅ ወጣ። ያው ድምፅ ነው። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ። ብሸሽ ሹፌሩ ይቀድመኝ ነበር፤ መኪናውም የሱ ነው።

የወጣችው ሴት ናት። ረጅም፣ አርባ ዓመት ሊሆናት የሚችል፣ በእጇ የኪኒን መቁጠሪያ ሳህን የያዘች ሴት። የሟቹ ባለቤት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ ቁስል ታጥብለት፣ ኪኒን ትቆጥርለት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ሥራውን ያለማንም ፈቃድ ይዛ ቀጠለች። ድምፅዋ ከተፈጥሮዋ ወፍራም ነው። እፎይ አልኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ፣ ለሦስት ወር አሞኝታናለችና።

«እህቴ፣ ባልሽ መሞቱን ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ነገርኩ። ለወረዳ ነገርኩ። እናንተ ግን በነጋታው ጠራችሁት።»

«ታዲያ የለም አትይም ነበር? ለምን አለሁ ትያለሽ?»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። እኛንም ተቀመጡ አለችን። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠች ታወጣዋለች።

«የለም ብል ኬላውን ትዘጋላችሁ፤ ይሄ አንድ ነው። ግን ዋናው እሱ አይደለም። እናቴ እንዲህ ትላለች፦ የሞተ ሰው አንዴ ቢጠሩት አይሰማም። ሁለተኛ ቢጠሩት ይሰማል። ሦስተኛ ቢጠሩት ይነሳል። ይነሳል፣ ግን መመለሻውን አያገኝም። የናንተ ሰው ሦስቴ ነው የሚጠራው። ስለዚህ አንደኛው ላይ ቶሎ ብዬ እመልሳለሁ።»

ሹፌሩ «በስመ አብ» አለ። እኔ መሳቅ ነበረብኝ፤ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ የሠለጠነ ሰው እንዲህ ሲባል ይስቃል። አልሳቅሁም። መዝገቡ ላይ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ።

«ከቀበርነው ጀምሮ አንድ ጠዋት ከዚህ ሬዲዮ አልራቅኩም» አለች። «እናቴ ታማለች፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሄጄ አላየኋትም። ስሄድ ብትጠሩትስ? ትናንት ደግሞ ሁሉን ጠርታችሁ እሱን ስትተዉ፣ ጠርታችሁት እኔ ሳልሰማ የቀረሁ መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ መቃብሩን ሳይ አደርኩ።»

ይህን ስትል ወደ መቃብሩ አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ያን ሁሉ ያደረግሁት እኔ በአንዲት መስመር መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት? ባለሥልጣን የወሰነው ይመስል «ቢሮው አስተካክሎት ነው» አልኳት። አፈርኩ።

«ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«እኔን ጥሩ። መድኃኒቱ ይምጣ። እሱን ተዉት፤ ሁለተኛ አትጥሩት። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ኃላፊው መጀመሪያ አልሰሙኝም። «ሴትዮዋ መደብ የላትም፣ መደብ የሌለው ሰው ገጽ ላይ አይወጣም» አሉ። ሁለት ቀን ተከታትያቸው አሰለቸኋቸው፤ በመጨረሻ «ለጊዜው ተጠባባቂ በላት፣ ኋላ እናያለን» አሉኝ። የእኛ ቢሮ ኋላ እናያለን ያለውን ነገር አይቶ ስለማያውቅ ይህ ከቅጥር አይተናነስም ነበር። እኔም በኢፏ ውስጥ ሌላ ኢፍ ሰካሁ። ሟች ከሆነ፣ ተጠባባቂ ካለው የተጠባባቂውን ስም አሳይ። ከሌለው ዝም በል። ገጹ ላይ የእሷ ስም ወጣ፤ ኬላውም ተመለሰ።

ኦፕሬተሩ ሰኞ ዕለት በገዛ ስሟ ሲጠራት ትንሽ ዘገየች። እንደገና ጠራት። «አለሁ» አለች፤ ሳቋን ሰማሁት። በስሟ ሁለተኛ መጠራት የማያስፈራው ሰው ሳቅ ነው። በዚያው ወር ኪኒኑ ተጫነላት፤ ሁለት ሳምንት ኬላውን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ እናቷን ልታይ ሄደች። በሕይወቴ እንደዚያ ለሰው በጎ ነገር የሠራሁ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ሳልጠየቅ ለሁሉም አወራሁት።

ከእናቷ ስትመለስ በጋምቤላ በኩል መጣች። ቢሮዬ በር ላይ ቆማ «ያን ገጽ አሳየኝ» አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት። ኮምፒውተር በቅርብ አይታ አታውቅም፤ እንደ ሐኪም ፊት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስሟን አሳየኋት። ማንበብ ትችላለችና ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እሱስ የት አለ?»

«እሱማ አይታይም» አልኳት። ከዚያ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ዕውቀቴን ላሳያት ፈለግሁ። «መዝገቡ ውስጥ ግን አለ። እኔ ጋ ምንም ነገር አይጠፋም። ሟች ስለሆነ ገጹ ይዘለዋል እንጂ፣ በየጊዜው ገጹ ሲከፈት ማሽኑ መጀመሪያ እሱ ጋ ሄዶ ሟች ነህ ወይ ብሎ ነው የሚያልፈው።»

ፊቷ ተለወጠ።

«በየጊዜው ይጠይቀዋል?»

«ሰው አይደለም የሚጠይቀው፣ ማሽን ነው።»

«በስሙ ነው የሚጠይቀው?»

በስሙ ነው። ምን ልበላት? የኮምፒውተሩን ቁልፎች ማየት ጀመርኩ፤ እሷም መልሱን ከዚያ ወሰደች።

«አውጣው» አለችኝ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «አንተ ልጅ፣ ተዉት ስላችሁ እሺ አላችሁኝ። እኔ ሰላም አግኝቷል ብዬ እናቴ ጋ ሄጄ ተኛሁ። እሱ እዚህ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሃል ወይ ሲባል ይውላል። አውጣው።»

መዝገብ መሰረዝ ክልክል ነበር፤ ክልከላውን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሰረዝኩት። ማሽኑ እንደ ልማዱ ልሰርዘው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። «እኔ ልንካው» አለችና ያሳየኋትን ቁልፍ በሌባ ጣቷ ተጭና ቆየች። የኬላውን መደብ በእሷ ብቻ ስም አደረግሁት። ገጹን ስከፍተው ከቅድሙ አንድም የተለየ ነገር የለውም።

«ሄደ?»

«ሄደ» አልኳት።

ከኋላዬ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ የሙሉ መዝገቡ ግልባጭ በፍሎፒ ዲስክ ተቀምጦ ነበር። ገጹን መጀመሪያ ስሠራ የገለበጥኩት ነው፤ ሰውየው እዚያ ውስጥ ገና አልሞተም። ስትጠይቀኝ ትዝ ብሎኛል። ቁም ሳጥኑ ክንዴን ብዘረጋ የምደርስበት ነው። ኃላፊው ቢሰሙ ብዬ ይሁን፣ ሁሉንም ከማብራራት ስንፍና ይዞኝ ይሁን፣ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ፍሎፒ ነው፣ ማንም አይከፍተውም አልኩ ለራሴ። አመስግናኝ ሄደች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ዓርብ ጄኔሬተሩ ኃይል ሲያበዛ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ጨለመ፤ ውስጡ ያለው ዲስክ ተቃጠለ። ቅዳሜን ሙሉ የሁለተኛውን ማሽን ዲስክ ነቅዬ ስገጥም ዋልኩ። መዝገቡንም ቅጹንም ካለኝ ብቸኛ ግልባጭ መለስኩ፤ ከዚያ ፍሎፒ። የሰኞው ዝርዝር ሲታተም ደክሞኝ ነበር። አላነበብኩትም። እንኳን ላነብ፣ ሥራዬን ማዳኔ አኩርቶኝ ወረቀቱን በሬዲዮ ክፍሉ በር ሥር ከትቼ ባሮ ወርጄ ታጠብኩ።

ኦፕሬተሩ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ኢታንግ ሄዶ ነበር። እሱ ቢሆን ኖሮ ስሙን ሲያይ ይቆም ነበር። የተካችው ጸሐፊዋ ናት፤ የታዘዘችውን ፊደል ሳትለውጥ የምትተይብ፣ የተሰጣትንም እንደዚያው የምታነብ ጠንቃቃ ልጅ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቢሮዬ በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከሬዲዮ ክፍሉ የሚለየኝ ግቢው ብቻ ነው። ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል የጸሐፊዋ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ያን ስም ጠራች።

መጀመሪያ የገባኝ አይመስለኝም። ሌላ ሰው የሚጠራ ያህል ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ፤ ጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። ግቢው መሃል ስደርስ እንደገና ጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን አጥርታ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁና ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጠቅሁ። ደንግጣ ተነሳች። ሬዲዮው ያፏጫል። ሌሎቹ ኬላዎች ሁሉ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ የሚሰሙ መሆናቸው ይታወቃል፣ እንዴት እንደሚታወቅ ግን አላውቅም።

ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ አለሁ አላለችም።

«ጋምቤላ። ዝናቡ አላሰማኝም። ስንት ጊዜ ጠራችሁት?»

ቁልፉን ተጫንኩ። «ሁለት» አልኳት።

ጸሐፊዋ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። እውነቱን ልትነግረኝ ነው፤ ዝናቡ እየደበደበ ሳለ የጠራችውን አንዱን አልሰማሁትማ። በታይፕ ካርቦን ወረቀት የጠቆሩ ሦስት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

«ሦስት አይደለም?» አለች ሴትዮዋ፤ ከበስተኋላዋ የሚንኳኳ ነገር ነበር፣ ዝናብ ይሁን ሌላ በሬዲዮ አይለይም። «አንተ ልጅ፣ ሦስት አይደለም?»

ጣቶቹን እያየሁ ቁልፉን እንደገና ተጫንኩ። «ሁለት ነው» አልኳት።